ለቅዱስ ሲኖዶስ አባቶች ግልጽ ደብዳቤ፦ ስደተኛውን በስሙ ጥሩልን

ብፁዓን አባቶቼ፣ በቅድሚያ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። የማነሣው ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል ወደ እኛ የገቡትን ሰዎች ጉዳይ ነው። ሱዳናውያኑን፣ አብረዋቸው የመጡትን ኤርትራውያን፣ ካርቱም ስንት ዓመት ለፍተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱትን የራሳችንን ልጆችም። ልመናዬን ከአሁኑ ልናገርና ምክንያቴን ቀስ ብዬ ላስረዳ። ስለ አገራችን ሰላም በምታወጡት ጥሪ ውስጥ ስደተኛውን በስሙ ጥሩልን። ስደተኛን ማገት፣ መዝረፍና መግደል በግዝት የተከለከለ መሆኑን ደግሞ በየአጥቢያው አስነግሩልን።

"አሁን ይሄ ጊዜው ነው ወይ? የራሳችን መከራ መቼ አለቀና!" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። የአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ነው። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ስድስት ወር ተብሎ ተጀምሮ በአራት ወር ተራዘመ። አዋጁ አለቀ፣ ተኩሱ ግን አላለቀም። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተዋል። መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ሰው እየታገተ በሚሊዮን ብር ይጠየቅበታል፤ ዘመድ አዝማድ ከብቱን ሸጦ፣ ዕቁብ አውጥቶ፣ ተበድሮ ያስለቅቀዋል። አንዳንዱ ተከፍሎለትም አይመለስም። ቤተ ክርስቲያንም አልቀረላትም። የዝቋላ መነኮሳት በ2016 ዓ.ም. ከገዳማቸው ተወስደው ሲገደሉ ያነባችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሐዘናችሁ ስንት ቦታ እንደሚከፋፈል አውቃለሁ፣ ቀላል ነገር እየጠየቅሁ እንዳልሆነም ይገባኛል።

ግን ልብ በሉልኝ። እኛ ስንታገት የሚጮህልን ዘመድ አለን። ቢያንስ ስማችንን ጠርቶ የሚያለቅስ ሰው አለ። ሱዳናዊው ሲታገት ማን ይጮህለታል?

የሆነውን ባጭሩ ላስታውስ። የሱዳን ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ሰዉ በመተማ በኩል ጎረፈ። ለስደተኞቹ መጀመሪያ ኩመር፣ ቀጥሎም አውላላ የሚባሉ ጣቢያዎች በምዕራብ ጎንደር ተከፈቱ። ዕድለ ቢስነት ነው መቼስ፣ ሰዎቹ በደረሱበት ሰሞን የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ተሰርቋል ብሎ በመላ አገሪቱ እርዳታ አቁሞ ነበር፤ ለስደተኞችም ጭምር፣ ለወራት። ክረምቱ ገባ። የመተማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭቃው ጥቁር ነው፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ወባው አይጣል ነው። ኩመር ላይ ኮሌራ ገባ። እዚያው ክረምት ላይ ደግሞ የእኛው ጦርነት ፈነዳ። ከጥይት ሸሽተው የመጡ ሰዎች ጥይት መሀል ወደቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የከፋው። በሌሊት ጣቢያው ድረስ እየገቡ መዝረፍ ተጀመረ። ውሃ ሊቀዳ፣ እንጨት ሊለቅም የወጣ ይደበደባል፣ ይታገታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2017 መጀመሪያ ላይ ባወጣው ዘገባ ግድያ፣ ድብደባ፣ እገታና በግዳጅ ማሠራት መፈጸሙን ገልጿል፤ ፈጻሚዎቹም ታጣቂዎችና የአካባቢ ሚሊሻዎች እንደሆኑ ስደተኞቹ ተናግረዋል። ሚያዝያ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ስደተኞች "በቃን" ብለው ከአውላላ በእግራቸው ወጡ። ሕፃን ያዘለ አለ፣ በሽተኛ የደገፈ አለ። ብዙም ሳይርቁ መንገድ ላይ እንዲቆሙ ተደረጉ፤ ጫካ ዳር ላስቲክና ጨርቅ ወጥረው ለወራት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ጣቢያ ተቀይሯል፣ ሰዎቹ ተዛውረዋል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ጦርነቱ የተመለሰም አለ። ይህን ሳስበው ይጨንቀኛል። ሰው ከእኛ አገር ይልቅ የሚቃጠል አገሩን መረጠ ማለት ነው!

አንድ ሰው ላሳያችሁ። ጎንደር ውስጥ ካርቱም ኖራ የተመለሰች እህት ቡና የምታፈላበት ቦታ አለ። አረብኛ ስለምትችል ሱዳኖቹ እሷ ጋ ይሰበሰባሉ። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ እዚያ አገኘሁ። ኦምዱርማን አስተማሪ ነበር አለችኝ። ሸሚዙ ታጥቦ ታጥቦ ነትቧል፣ አንገትጌው ግን እስከ ላይ ተቆልፏል። ከደረት ኪሱ በዳቦ ፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። የስደተኛ ምዝገባው ወረቀት ነው። በታጠፈበት በኩል ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና ፎቶውን በጣቱ እያሳየ አንድ ነገር ደጋግሞ ተናገረ። "ምን ይላል?" አልኳት። "ይሄ እኔ ነኝ፣ ይሄ እኔ ነኝ ነው የሚለው" አለችኝ። ኬላ ላይ ፎቶው አንተን አይመስልም ብለው አንገላተውት ኖሯል። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ወፍራም ነው፣ ፂሙም ጥቁር ነው። ፊቴ ያለው ሰው ከስቷል፣ ፂሙም ሸብቷል። ወንድሙ ታግቶ ስልኩንና የቀረውን ገንዘብ ሰጥቶ እንዳስለቀቀው የነገረችኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እሱ ስለ ወንድሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሚፈልገው ወረቀቱ የሚታደስበትን ቢሮ የሚያሳየው ሰው ነበር።

አባቶቼ፣ አሁን ደግሞ ሰው የማይናገረውን እኔ ልናገር። በእኛ አካባቢ በሱዳን ላይ ቂም አለ። መሠረት የሌለው ቂም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር አልፋሽጋ የሚባለው የድንበር እርሻ መሬት ገብቶ ገበሬዎቻችንን አፈናቀለ። ያረሱት ሰሊጥ፣ የገዙት ትራክተር፣ የሠሩት ቤት እዚያው ቀረ። እስከ ዛሬ የሚያለቅሱ አሉ። ወደ ኋላ ከሄድንም መተማ ማለት አፄ ዮሐንስ የወደቁበት ምድር ነው፤ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ያቃጠለው ድርቡሽ የመጣውም በዚያው በር ነው። ታዲያ አንድ ወጣት ክላሽ ተሸክሞ የስደተኛ ጣቢያው ሲደርስ ላስቲክ ውስጥ የተኛውን ሰው ሱዳን ብሎ ያየዋል። ወታደሩንና ከወታደሩ የሸሸውን መለየት ያቅተዋል። "እነሱ መሬታችንን ወስደው እኛ እናብላቸው?" የሚለውን ነገር ሻይ ቤት ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይሄ ንግግር ለዘራፊው መንገድ ጠራጊ ነው። መልስ የሚሰጠው ሰው ግን አላየሁም። መልሱን መስጠት ያለበት ደግሞ ካድሬ አይደለም፣ ካድሬን የሚሰማ የለም። ቄሱ ነው የሚሰማው።

የኦምዱርማኑ አስተማሪ አልፋሽጋን አልወሰደም። ይልቅ የእሱ አገር ሰዎች ያደረጉልንን ማን ያስታውሰን? በቀይ ሽብር ዘመን የጎንደር ወጣት በሌሊት ድንበር ሲሻገር የተቀበለው ገዳሪፍ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከኤርትራ ወደ ሱዳን ገቡ። ኡም ራኩባ የሚባለውን የስደተኞች ጣቢያ የማያውቅ የዚያ ዘመን ስደተኛ ጥቂት ነው። ዛሬ እስራኤል ያሉት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የስንቱን ሬሳ እዚያ ቀብረው እንዳለፉ ራሳቸው በየዓመቱ ያስታውሱታል። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተከዜን ሲሻገር ሐምዳይት ላይ ዳቦና ውሃ ይዘው የወጡት የመንደሩ ድሆች ናቸው። ያው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ። ይህን ሁሉ የምለው ውለታ እንመልስ ለማለት ብቻ አይደለም፣ ውለታ ባይኖርም ሰው ሰው ነው። ነገር ግን ምዕመኑ ይህን ከዐውደ ምሕረት ቢሰማ ቂሙ ይለዝባል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ እናንተ መግለጫዎች ልምጣ። በድፍረት ስናገር ይቅር በሉኝ። የምታወጧቸውን የሰላም ጥሪዎች አነባለሁ። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የሚያወጣቸውንም አነባለሁ። "ሁሉም ወገኖች ልዩነታቸውን በውይይት እንዲፈቱ" ይላል። ጥሩ ነው። ግን ሁሉም ወገኖች ሲባል ማንም አይሰማም። ሁሉም ሰው ለሌላው የተነገረ ይመስለዋል። የሰላም ጥሪ የሚሰማው አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ድርጊት ሲጠራ ነው። "በምዕራብ ጎንደር ያሉ ስደተኞችን አትንኩ" ቢባል ግን ማን እንደተነገረው የሚጠፋው ታጣቂ የለም።

ዝምታ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ሕፃፅና ሽመልባ የነበሩ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ኤርትራውያን ስደተኞች ጣቢያዎቻቸው ወደሙባቸው። ተገደሉ፣ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተበተኑ። አንዱ ወገን የጠላት ሰላይ ነህ አላቸው፣ ሌላው ወገን ከድተህ የጠፋኸው አንተ ነህ አላቸው። በዚያ ሰዓት ስለ እነሱ ከዐውደ ምሕረት የተነገረ ነገር አልሰማሁም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ በ2013 ዓ.ም. በተሰራጨ ቪዲዮ ላይ እንዳልናገር ተከልክያለሁ ብለው ሲናገሩ አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ ራሱ የትግራይን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ ከልቤ አከብረዋለሁ። ይቅርታ ወደ ኋላ ነው፤ ይሄኛው ግን ገና በእጃችን ላይ ያለ ነገር ነው። ገና ጊዜ አለን።

ደግሞም ከየትኛውም አገር ቤተ ክርስቲያን በላይ ስለ ስደት የምትዘምረው የእኛዋ ናት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው። አርባ ቀን ሙሉ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷን እናስባለን። የሚጾመው ይጾማል፣ ማኅሌት ይቆማል፤ በበረሃው ሙቀት መንከራተቷ፣ ውሃ መጠማቷ፣ የወንበዴዎቹ ነገር ሁሉ በዜማ ይነገራል። እዚህ ጎንደር ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አለ። ቁስቋም እመቤታችን ልጇን ይዛ ያረፈችበት የግብፅ ቦታ ነው። ኅዳር 6 እናከብራለን። እኔ ያደግሁት ያን በዓል እየጠበቅሁ ነው። ታዲያ አሁን አሁን ማኅሌቱ ላይ ቆሜ ወንበዴዎቹ ጋ ሲደርስ ሐሳቤ ወደ መተማ መንገድ ይሄድብኛል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ሙቀት፣ ጥም፣ ወንበዴ። ምንም የቀረ ነገር የለም እኮ!

እጨጌ ቤትንም ላንሣ። ይህን ሰፈር ጎንደር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በድሮ ጊዜ በጎንደር ሰው ሲሳደድ ሮጦ እጨጌ ቤት ከገባ አይነካም ነበር። ደም ያለበት ሰው እንኳ ይጠለላል። ራስ ይሁን ደጃዝማች፣ ሠራዊት አስከትሎ ቢመጣም እዚያ ሲደርስ ይቆማል። በሌሎች ገዳማትና አድባራትም ደወል ደውሎ የተማጸነን ሰው አሳልፎ መስጠት ነውር ነበር። ያን ድንበር የሚጠብቅ ዘበኛ አልነበረም። የሚጠብቀው የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። ገዝታለች፣ ተፈራች፣ አለቀ። ወንጀለኛ በዚህ አገር በቤተ ክርስቲያን ጥላ ከዳነ፣ ምንም ያላጠፋ ስደተኛ እንዴት ጥላ ያጣል?

ለዚህ ነው ግዝቱን አጥብቄ የምለምነው። በርካታ ሰው ይስቅብኛል፤ "ክላሽ የያዘ ሰው ግዝት ይፈራል?" ይለኛል። እኔ ይፈራል ባይ ነኝ። አጋቹ ከሰማይ አልወረደም። መንደር አለው፣ እናት አለችው፣ ብዙ ጊዜም አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ማተብ ካለ የንስሐ አባት አለ። የንስሐ አባቱ ልጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ይገምታል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ መንደር ውስጥ አይደበቅም። ያ ገንዘብ አንዳንዴ ዝክር ይዘከርበታል፣ ለጣሪያ ክዳን ስለት ይገባበታል። ካህኑ "ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣኸው? የስደተኛ ዕንባ ያለበትን ብር ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም" ቢለው ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ የገጠር ቄስ ብቻውን ይህን ሊናገር አይችልም። በማግስቱ ደጁ ላይ ሊገደል ይችላል። ከሲኖዶስ የመጣ ቃል ከሆነ፣ በሁሉም አጥቢያ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ድምፅ ከተነበበ ግን ማንን ነጥሎ ይመታል? ለዚህ ነው ከላይ መምጣት ያለበት።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። የጎንደር መተማ መንገድ። የእርዳታ መኪና የሚያልፈው፣ በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚወጣው፣ የእኛም ሰው ሰሊጡንና ጥጡን የሚያወጣው በእሱ ነው። መንግሥትም ፋኖም የስደተኛ ጣቢያውንና በዚህ መንገድ የሚያልፈውን እርዳታ እንዳይነኩ ቃል እንዲሰጡ ጠይቋቸው። ሙሉ እርቅ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። እናንተ ከሁለቱም ጋር መነጋገር የምትችሉ ናችሁ። ቤተ መንግሥት ስትገቡ በር ይከፈትላችኋል፣ ገጠር ያለው ታጣቂም መስቀል ይሳለማል። ይህ ዕድል ያለው ሌላ ተቋም በዚህ አገር አላውቅም።

"ቤተ ክርስቲያን እዚህ ውስጥ ምን አገባት" የሚሉም አሉ። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የሱዳንን የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ያስቆመው ስምምነት የተፈረመው አዲስ አበባ ነው። ሁለቱን ወገኖች ያቀራረቡት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ናቸው፤ ንግግሩን የመሩት ላይቤሪያዊው ካህን በርጀስ ካር ነበሩ። ጃንሆይም አገዙ። በደቡብ ሱዳን ከአስር ዓመት በላይ ሰላም ሆነ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ስደተኛ ወደ ቀዬው ተመለሰ። በኋላ በ1975 ዓ.ም. ፈረሰ፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ግን በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ ጥይት ሳይሰማ አድጓል። ያን ጊዜ የሱዳን ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሱዳኖቹ ራሳቸው ደጃችን መጥተው የእኛ ጉዳይ የማይሆኑበት ምክንያት አይታየኝም።

ሃይማኖታቸውን የሚያነሣም አይጠፋም። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፣ አዎ። ጌታችን "እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና" ሲል እንግዳው ምን እንደሚያምን አልጠቀሰም። ነጃሺን የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ በየስብሰባው ስሙን እያነሣን እንኮራበታለን። ኩራቱ ሥራ ይፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ከእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ ከመካነ ኢየሱስና ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ላይ ብትቆሙ ደግሞ ምንኛ ባማረ። በጋምቤላና በአሶሳ ከስደተኞች ጋር የሚሠሩ የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ልምድ አላቸው፣ የኢየሱሳውያን የስደተኞች አገልግሎትም አዲስ አበባ ላይ ሲሠራ ኖሯል። የራሳችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የስደተኞችና ከስደት ተመላሾችን ጉዳይ የሚከታተል መምሪያ አለው። ስንት ምዕመን ይህን ያውቃል? የሠሩትን ሥራ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጽዋ ማኅበር፣ በየደብሩ ንገሩን። ሰው እኮ ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ነው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጠው።

ከጣቢያ ውጭ ስላሉትም አንድ ነገር ልበል። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ኪራይ ቤት ውስጥ ተጨናንቀው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ወረቀታቸው ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ጭራሹኑ የላቸውም። ኬላ ላይ ይያዛሉ፣ ገንዘብ ይጠየቃሉ። የአገሪቱ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ብዙ መብት ሰጥቷቸዋል። የአፍሪካ የስደተኞች ስምምነትም የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ስምምነቱ ስደተኞች ለደኅንነታቸው ሲባል በተቻለ መጠን ከድንበር ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ይላል። መተማ የትኛው ድንበር ላይ እንደሆነ ካርታ የሚያይ ሁሉ ያየዋል። ሕጉ አለ። የጠፋው ሕጉን የሚያስታውስ የሚፈራ ድምፅ ነው። ሀገረ ስብከቱ አንድ ጠበቃና አንድ አረብኛ የሚችል ልጅ መድቦ፣ ወረቀቱ የተቀደደበትን ሰው ይዞ ቢሮ ቢሄድ፣ የዚያ የኦምዱርማን አስተማሪ ዓይነት ሰው ከኬላ ኬላ አይንገላታም። ለዚህ ብዙ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኛ ምዕመናንም እናዋጣለን፣ ጠይቁን ብቻ።

ተቀባዩ ሕዝብም እንዳይረሳ አደራ። የገንደ ውሃና የመተማ ሰው ራሱ ተርቧል፣ ተፈናቅሏል። ለስደተኛው የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ለመንደሩም ካልተቆፈረ ጠብ ይነሣል፤ ይህን እርዳታ ሰጪዎችም ያውቁታል፣ ግን በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመንደሩ ነው። ለእነሱም ተናገሩላቸው።

የቅዱስ ሲኖዶስ የጥቅምት ጉባኤ የሚጀመረው ጥቅምት 12 ነው፤ በዘመነ ጽጌ መካከል ማለት ነው። እመቤታችን በስደት በምትታሰብበት በዚያው ሳምንት ትሰበሰባላችሁ። የምለምነው በጉባኤው መጨረሻ በሚነበበው መግለጫ ላይ ነው። የምዕራብ ጎንደር ስደተኞች በስማቸው ይጠሩ። ስደተኛን ማገት የተገዘተ ይሁን። ለመንግሥትም ለፋኖም ስለ መንገዱና ስለ ጣቢያው የሚጻፈው ደብዳቤ ማን እንደሚያደርሰው፣ መልሱም መቼ እንደሚጠበቅ ይነገረን። መግለጫው በወጣ በሚቀጥለው እሑድ በመተማ፣ በቋራ፣ በምዕራብ አርማጭሆ፣ በጭልጋና በጎንደር አጥቢያዎች ሁሉ ይነበብ። እኔና ጓደኞቼ ወደ አረብኛ አስተርጉመን ለስደተኞቹ እናደርሳለን፤ ቡና የምታፈላው እህታችን እተረጉማለሁ ብላ ቃል ገብታለች።

ቡራኬያችሁ አይለየኝ።

የመንፈስ ልጃችሁ፣ ከጎንደር